የቀኝ ኪስ

እሁድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ልብስ ዘፍዝፌ፣ እጄ አረፋ ውስጥ ሳለ ነው ከቆርቆሮው ማዶ የሚወራውን የሰማሁት። በስሜ እንኳ አልጠሩኝም፤ "የሚክዳድ ሚስት" ነው የተባልኩት። "ሙያ የላትም" ትላለች ናሲሞ፣ የአማቴ ታናሽ እህት፣ ተምር እያላመጠች። "ሳምቡሳዋ ዘይት ይጠጣል፣ ሩዟ ይጣበቃል። ዛሬ የጅግጅጋ ሰው ልጅሽን ሊጠይቅ ሲመጣ በምኗ ልትኮሪ ነው?" ይቺን ሙያ የምትባል ቃል ማን እንደፈጠራት ባውቅ ቤቱ ድረስ ሄጄ እጣላው ነበር። አራት ዓመት ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመላለስኩ ሰው ነኝ አቦ። አንገቴ ላይ የማንጠለጥለው ባጅ አለኝ፣ ደሞዝ አለኝ፣ ሰርቪስ ሰፈራችን ድረስ መጥቶ ክላክስ ያደርግልኛል። ሙያ ግን የለኝም። ሙያ ማለት ለካ ድስት ውስጥ የሚገባ ነገር ብቻ ነው።

ባልዲውን ጥዬ ልነሳ ስል የሆዮ ሃሊሞን ድምፅ ሰማሁ። ሆዮ ሃሊሞ አማቴ ናት፤ ድሬ መጋላ ውስጥ ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች፣ ገበያ መሃል ቆማ ሰው ስትጠራ ለገሃሬ ሰፈር ድረስ የሚሰማላት ሴት። "አንቺ ናሲሞ፣ አፍሽን ያዢ" አለቻት። "ልጅቷ ሰፊ ናት። ፈረንጅ የሚለብሰውን የምትሰፋ ልጅ ናት ሙያ የላትም የምትይኝ?" እዚህ ጋ ደረቴ ተነፋ። ቀጥላ ግን ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣብኝን ነገር ተናገረች። "ወላሂ፣ ዛሬ እንግዶቹ የሚደገፉበትን የመከዳ ልብስ እሷ ናት የምትሰፋው። በእጇ። ያኔ ዓይንሽ ያያል።" ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ በዚያ ላይ ወላሂ ተብሎበታል። ተነፍቶ የነበረው ደረቴ ሟሸሸ።

ምክንያቱም እኔ የቀኝ ኪስ ነኝ። የሱሪ የኋላ ኪስ፣ ያውም የቀኙን ብቻ። የተቆረጠው ጨርቅ በእስር በእስር ሆኖ ይመጣልኛል፣ ጠርዙን አጥፋለሁ፣ ሱሪው ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ፔዳሉን ነካ ሳደርገው የስፌት መኪናው ድርርር ይላል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። የግራውን አጠገቤ የምትቀመጠው የምሥራች ትሰፋለች። ዚፕ የሚያስገባው ሌላ ነው፣ ቁልፍ የሚተክለው ሌላ ነው። ሱሪው ሙሉ ሱሪ ሆኖ የማየው እንደማንኛውም ሰው መንገድ ላይ ነው። ማንም አልዋሸም። ለጋብቻ የመጡት ሽማግሌዎች ሥራዋ ምንድን ነው ሲሉ "ስፌት ፋብሪካ" ተባሉ፤ ከዚያ በኋላ ሰፈሩ በራሱ ጊዜ ልብስ ሰፊ አደረገኝ። ከዒድ ማግስት ካገባሁ ጀምሮ ቀሚስ አጥብቢልን የሚሉ ጎረቤቶችን "ዛሬ ደክሞኛል" እያልኩ ስመልስ ነው የከረምኩት። እዚህ ቤት ስገባ መርፌና ክር እንኳ ይዤ አልመጣሁም።

ታዲያ ለምን ሄደሽ እውነቱን አትነግሪያትም ትሉ ይሆናል። እንዴት ብዬ? ሆዮ ማለት በሱማሌኛ እናት ማለት ነው። የሱማሌ እናት ደግሞ ልጇንም መልሳ "ሆዮ" ነው የምትለው። ባሌን ሚክዳድን "ና ሆዮ፣ ብላ" ትለዋለች፤ እህቱን ኢዲልን "ሆዮ፣ በሩን ዝጊ" ትላታለች። እኔ መልካ ጀብዱ በኦሮምኛ ነው ያደግሁት፤ መጀመሪያ ስሰማው ሁሉም የሁሉም እናት የሆነበት ቤት የገባሁ መስሎኝ ስቄ ነበር። በኋላ ግን ሳቁ ቀረ። እኔ "ሆዮ" ስላት በስሜ "አቤት ዱኒያ" ነው የምትለኝ። ክፉ ሆና አይደለም፤ ጥሩውን ሥጋ ከራሷ ፊት አንስታ ወደኔ የምትገፋ ሴት ናት። ግን ለሷ ዱኒያ ነኝ፣ ለጎረቤት ደግሞ የልጄ ሚስት። እና ይቺው ሴት ዛሬ ስለኔ ከገዛ እህቷ ጋር ስትጣላ ሰማሁ። በእህቷ ፊት የማለችውን እኔ ላስዋሻት? ሞቼ እገኛለሁ። ዛሬ እነዚያ መከዳዎች ይለብሳሉ አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሆዮ ጨርቁን ታቅፋ መጣች። ለኢዲል ቀን ብላ ሳጥን ውስጥ ስታስቀምጠው የኖረችው ነው፤ ከጅቡቲ የመጣ፣ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የወርቅ ቅጠል የተበተነበት። ዛሬ ገበያ ብትዞሩ እሱን የመሰለ አታገኙም። የእንግዳ ክፍሉ ከትናንት ጀምሮ ተዘጋጅቷል። ምንጣፉ ተነጥፏል፣ ፍራሾቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፣ ቬንትሌተሩ ተወልውሏል፤ መከዳዎቹ ብቻ የድሮ ልብሳቸውን ተገፈው ነጭ በነጭ ሆነው ቆመዋል። "ዱኒያ፣ ለነዚህ ልብስ ትሰፊልኛለሽ አይደል?" አለችኝ። "እንግዶቹ ከአስር ሶላት በኋላ ይመጣሉ።" "እሰፋለሁ ሆዮ" አልኳት። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከቆርቆሮው ማዶ የተባለውን እንደሰማሁ የገባት መሰለኝ። ጨርቁን እጄ ላይ አስቀምጣ በመዳፏ መታ መታ አደረገችውና ወጣች። ስለ ናሲሞ እሷም አላነሳች፣ እኔም አላነሳሁ።

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ስልኬን ከፈትኩ። "ለጀማሪዎች ቀላል የትራስ ልብስ አሰፋፍ" የሚል ቪዲዮ አገኘሁ። ልጅቷ ጥፍሯን ቀይ ተቀብታ ዘፈን ከፍታለች፤ እንደሷ የምትፈጥን ሰው አይቼ አላውቅም። "ትለካላችሁ፣ ትቆርጣላችሁ፣ በቃ" ትላለች። በቃ የሚሆነው እኮ ለሷ ነው። እኔ ገና መቀሱ የት እንዳለ እየፈለግሁ ነው። "አሁን ዋናው ሚስጥር ምን መሰላችሁ" አለችና ጣቷን ወደ ካሜራው ስታነሳ ኢንተርኔቱ ጥሎኝ ሄደ። ጣቷ እዚያው ቀረ፣ ክቡ ይሽከረከራል። ብጠብቅ፣ ብነካካ፣ መስኮት ላይ ወጥቼ ስልኩን ወደ ሰማይ ባነሳ ወይ ፍንክች። ሲመረኝ ለየምሥራች ደወልኩላት። "የትራስ ልብስ መስፋት ትችያለሽ?" አልኳት። "ዱኒዬ፣ እኔ እኮ የግራ ኪስ ነኝ" አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን እንባዬ መምጣቱን ከድምፄ አውቃብኝ፣ "ነይ ወደኛ ቤት" አለች። "እማዬ ሲንጀር አላት። ቴሌቪዥን ተቀምጦበት ነው እንጂ ይሠራል።"

የእነ የምሥራች ቤት ከዚራ ሰፈር ነው፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፤ አያቷ ባቡር ላይ ሲሠሩ የተሰጣቸው፣ ጣሪያው ረጅም፣ መስኮቱ አረንጓዴ የሆነ ቤት። ጨርቁን በፌስታል ይዤ፣ ለልክ እንዲሆነኝ ደግሞ አንዱን መከዳ ታቅፌ ወጣሁ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር። ሴት ልጅ በጠዋት ትራስ ታቅፋ ከባሏ ቤት ስትወጣ ድሬ ዝም ብላ አታሳልፋትም። ጥግ ላይ ያለው ባለሱቁ ሳላሕ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ "ዱኒያ፣ ሚክዳድ ምን አደረገሽ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። "ምንም የማያደርግ ባል ነው አቦ ሚስት የሚሸሸው" አለና ራሱ ባወራው ራሱ ሳቀ። ትንሽ እልፍ እንዳልኩ አንድ የባጃጅ ሾፌር ፍጥነቱን ቀንሶ "ፍራሹንስ ለማን ተውሽለት?" ብሎኝ አለፈ። ድልድዩ ዙሪያ ጥምጥም ስለሆነብኝ በአሸዋው አቋረጥኩ። በክረምት ሲመጣ ቤት ይዞ የሚሄደው ወንዝ አሁን ደርቆ ግመል ተኝቶበታል። አሸዋውን ሳልጨርስ ሚክዳድ ደወለ። እሱም ባጃጅ ነው የሚነዳው፤ ወሬው ከኔ ቀድሞ ተራው ደርሷል። "ዱኒያ፣ ትራስ ይዘሽ ወጣሽ አሉኝ። ምን አጠፋሁ?" አለ። "ያጠፋኸውን አንተ ታውቀዋለህ" አልኩት፣ ላስጨንቀው ብዬ። ብዙም አልቻልኩም፤ ሳቄ አመለጠኝና ሁሉንም ነገርኩት።

የየምሥራች እናት እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ከቤተ ክርስቲያን ገና መመለሷ ነበር። ነጠላዋን ሳታወልቅ ቴሌቪዥኑን ተጋግዘን ከሲንጀሩ ላይ አወረድነው። እኛ ድሬ "እርስዎ" ማለት ብዙም አይሆንልንም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንቺ ነው፤ ከደጋ የመጣ ሰው መጀመሪያ ይቆጣል፣ በኋላ ይለምደዋል። "እትዬ፣ አድኚኝ" አልኳት። ጨርቁን በጣቶቿ ፈተግ ፈተግ አድርጋ አየችውና "አራት ዓመት ስፌት ፋብሪካ ስትሠሩ የትራስ ልብስ አታውቁም?" አለች። "ኪስ ነው የምናውቀው" አለች የምሥራች። እትዬ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋ እስኪወድቅ ሳቀች። "ታዲያ ኪስ ምንድን ነው? ሦስት ጎኑ የተሰፋ፣ አንድ ጎኑ ክፍት። የትራስ ልብስስ? ያው ነው። መከዳም ያው ነው፣ ልኩ ይለያያል እንጂ። እናንተ ልጆች ይህን ሁሉ ጊዜ የድንክ ትራስ ልብስ ስትሰፉ ነው የኖራችሁት።" እኔና የምሥራች ተያየን። እንዲህ ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም።

ጨርቁን ወለል ላይ ዘረጋነው፤ መከዳውን እንደ ሕፃን አስተኛንበትና በላዩ አጠፍነው። በተሰበረ ሳሙና ዙሪያውን አሰመርኩ። "ትርፍ ተዪ፣ አውራ ጣት የሚያህል፣ ስፌቱ የሚበላው አለ" አለችኝ እትዬ። ቆረጥን። "አሁን መጀመሪያ አፉን። ጠርዙን ሁለቴ አጥፈሽ ስፊው፤ አለዚያ ክሩ እየተተረተረ ያሳፍርሻል።" ከዚያ ሁለቱን ገጾች ወስዳ ደረበቻቸው፣ አረንጓዴው ወደ ውስጥ፣ ጀርባው ወደ ውጭ። "ፊቱን ከፊቱ ጋር ታጋጥሚዋለሽ፣ እንደሚሳሳም ሰው። በጀርባው በኩል የቀሩትን ጎኖች ትሰፊና ትገለብጪዋለሽ። ስፌቱ ውስጥ ይቀራል፣ መልኩ ይወጣል።" ያቺ ቀይ ጥፍር ያላት ልጅ ይዛብኝ የሄደችው ሚስጥር ይሄ ኖሯል። ኪስ በፊቱ በኩል ነው የሚሰፋው፣ መገልበጥ የሚባል ነገር የለውም፤ ብቻዬን ብሆን ኖሮ እንደ ኪስ በፊቱ ሰፍቼው ቁጭ እል ነበር።

ሲንጀሩ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። የኛ መኪና ፔዳሉን ስትነኪው ይበርራል። ይሄኛው በሁለት እግር እሹሩሩ የሚባል ነው፤ መንኮራኩሩን በእጅሽ ወደ ራስሽ ካላስነሳሽው ወደ ኋላ ዞሮ ክሩን ይበጥሰዋል። በጠሰው። አስገባሁ። ደግሞ በጠሰው። "ቀስ፣ ማንም ታርጌት አልሰጠሽም" አለችኝ የምሥራች፣ የሱፐርቫይዘራችንን ድምፅ አስመስላ። እየቆየ እግሬ ገባው፤ ኳ ኳ ኳ እያለ መሄድ ጀመረ። አንዱን ጎን ጨረስኩ፣ ማዕዘኑ ላይ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ ትቼ አዞርኩት፣ ታችኛውን ጨረስኩ። ደስ አለኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያውን ሙሉ ነገር እየሰፋሁ እንደሆነ ታወቀኝ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የኔ የሆነ፣ ወደሚቀጥለው ሰው የማያልፍ። የመጨረሻውን ጎን ጨርሼ ክሩን በጠስኩና "አልሐምዱሊላህ" ብዬ ብድግ ስል የመከዳው ልብስ አብሮኝ ብድግ አለ።

ፋብሪካ ውስጥ ዩኒፎርም ነው የምንለብሰው። ዛሬ ግን ሺቲ ነው የለበስኩት፣ ያንን ስስ፣ ሰፊ፣ ነፋስ እንዲያስገባ የሚለበሰውን የድሬ ቀሚስ። ጫፉ ከሥር ገብቶ አብሮ ተሰፍቷል። የምሥራች ወለሉ ላይ ተንከባለለች። እኔም እየሳቅሁ መቀሱን አነሳሁ። እትዬ "ቆይ፣ በመርፌ እየፈታን" ስትል እኔ ክሩን ለመቁረጥ መቀሱን አስገብቼ ጨመቅሁት። ሺቲዬ ተላቀቀ። የሆዮ ጨርቅ ላይ ግን፣ ከጠርዙ ገባ ብሎ፣ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፈተ። ሳቁ ቆመ። ጣቴን በቀዳዳው አስገብቼ ማዶ ሲወጣ አየሁት። የተረፈው ጨርቅ ለቀሩት መከዳዎች ነው፤ ሌላ ገጽ የሚወጣው አይደለም። ሆዮ ወላሂ ብላለች። ናሲሞ እዚያ ተምሯን እየበላች እየጠበቀች ነው። "እንጥፈው ይሆን?" አለች እትዬ፣ ራሷም ሳታምንበት። ለልጇ የሚመጡ እንግዶች ጥፍ ላይ ሊደገፉ? ሆዮ ከዚህ በኋላ ምን ዓይን ይዛ እህቷን ታያለች? እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እንደ ልጅ።

እያለቀስኩ እጄ ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም። ከወለሉ ላይ ቁራጭ አንስቼ ጠርዙን በአውራ ጣቴ እያጠፍኩ ነበር። የምሥራች ናት ያየችው። "ዱኒዬ፣ እጅሽን እዪው" አለችኝ። አየሁት። አናቱ ሁለቴ ታጥፏል፣ ጎኖቹ ገብተዋል፣ የታቹ ማዕዘን ተሰብሯል። ሳልለካ፣ ሳላሰምር፣ ኪስ ሠርቻለሁ። እንባዬን በሺቲዬ ጠርጌ ተነሳሁ። ስፌቱን ፈታን፣ ጨርቁን ዘረጋነው፣ ኪሱን ቀዳዳው ላይ አስቀመጥኩት፤ የኪሱ የወርቅ ቅጠል ከጨርቁ የወርቅ ቅጠል ጋር እስኪገጥም ትንሽ ገፋ አደረግሁት። ሲንጀሩም የታረቀኝ ያኔ ነው። አንዴ ዙሪያውን፣ ከዚያ በጎኑ ሌላ መስመር፣ ከዚያ አፉ ላይ በሁለቱም ጫፍ ወደፊትና ወደኋላ፣ ሰው ቢጎትተው እንዳይቀደድ። ክሩን ስበጥስ እትዬ መነጽሯን ፈልጋ አድርጋ ጎንበስ አለች። "ይሄ በኔ መኪና ነው የተሰፋው?" አለች። "የቀኝ ኪስ ናት እኮ እማዬ" አለች የምሥራች፣ እንደሚኮራ ሰው። እትዬ ትንሽ አሰበችና "አንዱ መከዳ ብቻ ኪስ ካለው ጥፍ ነው ይላሉ" አለች። "ሁሉም ካላቸው ግን ፋሽን ነው።" ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመን። በሲንጀሩ እየተፈራረቅን፣ እኔ ኪሱን በቀኙ በኩል፣ የምሥራች በግራው በኩል፣ እትዬ እየቆረጠችና እየገለበጠች፣ ማዕዘኑን በእርሳስ ጫፍ እየገፋች፣ ቁርሱንም ምሳውንም ረስተን ሰፋን።

ሚክዳድ በባጃጁ መጥቶ ወሰደኝ። መንገድ ላይ ያን ባለሱቅ ሲያልፍ ሆን ብሎ ክላክስ አደረገለት። ቤት ስንደርስ ሆዮ ለብሳ ጨርሳለች፣ እጇ ሽቶ ይሸታል። የመጀመሪያውን ልብስ ተቀብላ መከዳው ላይ አጠለቀችው፤ ልክክ አለ። እጇ በጨርቁ ላይ እየሄደ ኪሱ ላይ ደረሰና ቆመ። "ይሄ ምንድን ነው?" አለች። "ኪስ ነው ሆዮ።" ጣቶቿን አስገባች፣ አወጣች፣ እኔን አየች። ናሲሞ በሩ ላይ ቆማ "መከዳው ደሞዝተኛ ነው እንዴ ኪስ ያስፈለገው?" አለችና ሳቀች። ወዲያው ውጭ መኪና ቆመ። የቀሩትን እየተጣደፍን አለበስናቸው፤ የቀኝ ኪስ ያላቸውን በአንዱ ግድግዳ፣ የግራ ኪስ ያላቸውን በሌላው። የሆዮ ፊት ላይ ምንም አይነበብም ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ የሻይ ትሪውን አነሳሁ።

ወንዶቹ ወደ በረንዳው ሄዱ፤ ሴቶቹ እንግዳ ክፍል ገቡ። ዐያንሌ ነው ኢዲልን ለትዳር የፈለጋት ልጅ፤ እናቱ ግዙፍ፣ የከበደች፣ በቀላሉ የማትስቅ ሴት ናት። ከጅግጅጋ ድረስ ፀሐይ መትቷት መጥታለች። ሰላምታውን ጨርሳ ፍራሹ ላይ ስትቀመጥ መከዳውን ወደ ጎኗ ሳበችና ክንዷን ጣለችበት። የመቁጠሪያ ዶቃዋን እየቆጠረች የሆዮን ወሬ ትሰማለች፤ ሙቀቱን ያወራሉ፣ የመንገዱን ነገር፣ የወተት መወደድ። ኢዲል ሻሿን ዓይኗ ድረስ አውርዳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ድንገት የዐያንሌ እናት እጅ ኪሱን አገኘው። ወደ ታች አየች። ዶቃዋን ከተተችው። ትንሽ ቆይታ መነጽሯን ከተተች። ከዚያ ስልኳን። "ጄብ አለው" አለች አጠገቧ ላለችው ሴት፣ ኪስ አለው ማለቷ ነው። ሌሎቹም መከዳቸውን እያገላበጡ መዳሰስ ጀመሩ፤ አንዷ ማራገቢያዋን ከተተች፣ አንዷ የቤቷን ቁልፍ። "ወላሂ እንዲህ ያለ መከዳ ሐርጌሳም አላየሁም" አለች የዐያንሌ እናት። "ማነው የሰፋው?"

"ልጄ ናት" አለች ሆዮ።

የዐያንሌ እናት ወደ ኢዲል ዞረች። ፊቷ ሲበራ አየሁ። "ማሻአላህ" አለችና ተንፏቃ ሄዳ የኢዲልን ግንባር ሳመች። "ሙያ ያላት ልጅ ነው እኔ የምፈልገው።" ናሲሞ ጊዜ አላጠፋችም፤ "የኢዲል እጅ ወርቅ ነው" አለች ፈጠን ብላ። ኢዲል አፏን ከፍታ ቀረች። እኔ ትሪውን ይዤ በሩ ላይ ነኝ። እውነቱን ልናገር፣ ቆጨኝ። ወዲያው ደግሞ ለራሴ፣ ተዪው ዱኒያ፣ የሆዮ መሐላ ተጠብቋል፣ ለኢዲልም ይበጃታል፣ ሙያ በልብ ነው አልኩት። ሆዮ ልጇን አየች፣ እህቷን አየች፣ ከዚያ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "እሷ አይደለችም" አለች። "ይቺ ቁልፍ እንኳ አትተክልም፤ ውሰዷት ግን ይህን እያወቃችሁ ውሰዷት። ልጄ ያልኳችሁ ያቺ ናት፣ ሻይ ይዛ የቆመችው።"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። የሺቲዬ ጫፍ እንደተቀደደ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ናሲሞ ምንጣፉ ላይ ያልወደቀ ነገር ማንሳት ጀመረች። የዐያንሌ እናት እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ኢዲልን አየቻት፣ ክንዷን ያሳረፈችበትን ኪስ መታ መታ አደረገች። "እንግዲያው ያቺን ስጡን" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ የወርቅ ጥርሷ ታየ። ሆዮ አልሳቀችም። "ኢዲልን ውሰዱ" አለች፣ ገበያ ላይ ዋጋ ስትቆርጥ በምትናገርበት ድምፅ። "ያቺን ግን አልሰጥም።" ያኔ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ኢዲል ራሷ ሻሿን ገልጣ ከሁሉም በላይ ሳቀች። ትሪውን እንዴት አስቀምጬ እንደወጣሁ አላውቅም። ወጥ ቤት ገብቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ፤ ፊቴን ማንም ስላላየው ደስ አለኝ።

ወንዶቹ በረንዳ ላይ ነገሩን ጨርሰው ዱዓ ተደረገ። እንግዶቹ ሲሄዱ ፀሐይዋ ወደ መጥለቁ ነበረች። ናሲሞ ጫማዋን እያደረገች፣ ወደኔ ሳታይ፣ "የኔም መከዳዎች ልካቸው ያው ነው" አለች። "ጨርቅ አለኝ፣ ክርም አለኝ።" ከናሲሞ አፍ ይቅርታ የሚወጣው በዚህ መልክ ነው፤ እኔም "እሰፋልሻለሁ፣ ቀን ግን አትቁረጪብኝ" አልኳት። ወጣች። ኢዲል ፍራሹ ላይ እግሯን ዘርግታ ተኛች፣ እኔ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመርኩ፣ ሆዮ ግቢ ውስጥ ለመግሪብ ሶላት ውዱእ እያደረገች የማሰሮው ውሃ ይሰማኛል። በዚህ መሃል ክፍሉ ውስጥ ስልክ ጮኸ። የኔ አይደለም፣ የኢዲልም አይደለም። ድምፁ የሚመጣው ከመከዳው ውስጥ ነው። የዐያንሌ እናት ዶቃዋንና መነጽሯን አውጥታ ስልኳን እዚያው ረስታው ሄዳለች።

"ሆዮ፣ ስልኩን አንሺው" አለች ሆዮ ከውጭ። እኔ ብርጭቆዬን መሰብሰብ ቀጠልኩ። ኢዲል አልተነሳችም። "እየጠራችሽ ነው" አልኳት። ኢዲል በክርኗ ቀና ብላ አየችኝና "እኔን አይመስለኝም" አለች። ስልኩ ይጮኻል። የማሰሮው ውሃ ቆመ። "ሆዮ" አለች እንደገና፣ አሁን በሩ ላይ ሆና፣ ፊቷና ክንዷ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ እኔን እያየች። "ኪሱን የሰፋሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ? እጅሽን አስገቢና አውጪው፣ ሴትዮዋ መንገድ ላይ ናት።"

"እሺ ሆዮ" አልኳት። ብርጭቆውን አስቀምጬ ተንበረከክሁና እጄን ከተትኩ። የቀኙ ኪስ ነበር።